የኩማ ሞግዚትነት

ከተማዋ ገና በ«አ» አዋሳ ተብላ ስትጠራ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈሯ ውስጥ ኩማ የሚባል ሳይክል ሠሪ ነበር። አዋሳ ሜዳ ናት፤ አስተማሪውም፣ የቢሮ ጸሐፊውም፣ የጸሎት ቤት ዘማሪውም በሳይክል ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጎማው ተንፍሶበት ኩማ ደጃፍ ያልቆመ ሰው ማግኘት ይቸግር ነበር። ኩማ ከአጠገቧ ካለችው ከቱላ በልጅነቱ መጥቶ፣ ከአንድ አስመሬ ሽማግሌ ሥር ሆኖ ነው ሙያውን የለመደው። የተጣመመ ቸርኬ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ሲያቃና ላየው፣ ብረቱ ራሱ እሺ ብሎ የሚታዘዝለት ይመስል ነበር።

ችግሩ እጁ ላይ አልነበረም። ኩማ በዚህ ምድር ላይ ትርጉሙን የማላውቀው የአማርኛ ቃል የለም ብሎ የሚያምን ሰው ነበር።

አፉን የፈታው በሲዳምኛ ነው። አማርኛውን ከደንበኛ፣ ከገበያና ከመሠረተ ትምህርት ለቃቅሞ ነው ያጠራቀመው፤ የመሠረተ ትምህርቱንም ምስክር ወረቀት መስተዋት አልብሶ ከተሰቀሉት ጎማዎች በላይ አንጠልጥሎታል። ቀበሌ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ሌላው ሲያንቀላፋ እሱ ጆሮውን አቁሞ ይቀመጥና አንዲት አዲስ ቃል ይዞ ይመለሳል። «ቅራኔ» የምትለዋን ያመጣ ሰሞን የአዋሳ ሳይክል ሁሉ ቅራኔ ያዘው። «በሰንሰለቱና በጥርሱ መካከል ቅራኔ ተፈጥሯል» ይላል እጁን በጨርቅ እየጠረገ። ባለ ሳይክሉም ነገሩ ከብዶት «እሱማ አይቀርም» ብሎ ይስማማል። ኩማን ትርጉም የጠየቀው የለም፤ ኩማም ማንንም ጠይቆ አያውቅም። ሊያስረዱት አፍ ሲከፍቱ ገና «አውቃለሁ!» ይላል።

እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት ሲሆን ያስቃል። ባል ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሚስቱ አባይነሽ የወላይታ ልጅ ናት፤ በልብስ ሰፊዎች ማኅበር ውስጥ ትሠራለች። የተዋወቁትም የስፌት መኪናዋ ቺንጋ ተበጥሶባት፣ ኩማ ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከሳይክል የውስጥ ጎማ ቆርጦ አዲስ ቺንጋ በሠራላት ጊዜ ነው። ያ ቺንጋ ለዓመታት አልተበጠሰም። ትዳሩ ቀደመው እንጂ።

ትዳሩ የተበጠሰበት ምክንያት አሳፋሪ ነገር የለበትም፤ ሌላ ሴት የለ፣ መጠጥ የለ፣ ዱላ የለ። አባይነሽ የሙሽራ ቀሚስ ጀምራ ወጣ ስትል ኩማ መኪናዋ ሲጢጥ ሲል የሰማውን አስታወሰና በሳይክል ግራሶ ለወሰው። «የዚህ ዘይቱ ቀጭን ነው፣ ግራሶ እንዳትነካው» ብላው ነበር። «አውቃለሁ» ብሏታል። ነጩ ቀሚስ ከደረቱ እስከ ጫፉ ጥቁር መስመር ይዞ ወጣ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ ኩማ ደግሞ «ጨርቁ ነው ግራሶ የሚስበው» አለ።

አባይነሽ ከዚያ በኋላ ሳምንት አልቆየችም። የአራት ዓመት ልጃቸውን ታቢታን ይዛ እዚያው ከተማ ያለች አክስቷ ቤት ገባች። «ቀሚሱ አይደለም» አለቻቸው ሊያስታርቁ ለመጡት ሁሉ። «አንድ ቀን ቢሰማኝ ኖሮ አብሬው አረጅ ነበር። ‹አውቃለሁ› ከሚባል ሰው ጋር መኖር ግን ደከመኝ።»

ኩማ ይህን ሲነግሩት ልቡ ተሰበረ፤ ሰው ሁሉ ሲያየው ግን ፔዳል እያጠበቀ ያፏጭ ነበር። ሚስቱ ብትሄድ እንደምንም ይቻላል ብሎ ራሱን አጽናንቷል። የታቢታ ግን አይቻልም። ሥራ ሲጨርስ ሳይክሉ ብረት ላይ አስቀምጧት ሐይቁ ድረስ ካልሄዱ ቀኑ የመሸ አይመስለውም ነበር። አሁን በሩን ዘግቶ ባዶውን ሳይክል እየገፋ ነው የሚገባው። ይህቺን ልጅ ማጣት ብቻ ነበር በዓለም ላይ የሚፈራው ነገር።

በዚያ ዘመን የባልና ሚስት ጉዳይ እንደዛሬው በቀጥታ ፍርድ ቤት አይሄድም። ከባል ወገን ሁለት፣ ከሚስት ወገን ሁለት ሰው ይመረጥና አንድ ሰብሳቢ ይጨመርባቸዋል፤ የቤተ ዘመድ ዳኞች ይባላሉ። ከኩማ ወገን ከተቀመጡት አንዱ የሳይክል ዕቃ ሻጩ ሙህዲን ነበር። ከአባይነሽ ወገን ደረሰ የሚባለው ወንድሟና አጎቷ ከዲላ መጡ። ሰብሳቢው ጋሽ ወልደአማኑኤል ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት የፈጁ፣ እንደምን አደሩ ሲሏቸው እንኳ «ከላይ እንደተጠቀሰው ደኅና ነኝ» የሚሉ የሚመስሉ ሰው።

ማስታረቁ አልሆነም። ስለ ልጅቱ ግን ዳኞቹ ብዙም አልተከራከሩም፤ «ሕፃን ናት፣ እናቷ ጋ ትኑር፤ አባቷም እንዳይርቃት» ብለው ተስማሙ። ይህን በሰው አማርኛ ቢናገሩት ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ጋሽ ወልደአማኑኤል ግን ቃሉን የሕግ ካባ አለበሱትና ግቢያቸው ውስጥ፣ ከዋርካው ሥር፣ ቆመው አሰሙ።

«እናትየው ወይዘሮ አባይነሽ የሕፃን ታቢታ አሳዳሪ፣ አባትየው አቶ ኩማ ደግሞ ሞግዚት ሆነው እንዲቀጥሉ...»

አሁን እዚህ ላይ ቆም እንበል። በሕግ አማርኛ አሳዳሪ ማለት ልጁ አብሮት የሚኖረው፣ የሚንከባከበውና የሚያሳድገው ሰው ነው። ሞግዚት ማለት ደግሞ ስለ ልጁ የሚቆም፣ ስለ ልጁ የሚፈርም፣ ያለ እሱ ፈቃድ ስለ ልጁ ትልቅ ነገር የማይወሰንበት ሰው ነው። ትልቅ ማዕረግ ነው። በሰፈር አማርኛ ግን አሳዳሪ ማለት ገረድና አሽከር ቀጥሮ የሚያሳድር ጌታ ነው፤ ሞግዚት ማለትም የጌታን ልጅ አዝላ እሹሩሩ የምትል ሴት ናት።

ኩማ የሰማው የሰፈሩን ነው። አባይነሽ እመቤት ሆነች፤ እሱ ገረዷ ሆነ።

«እኔ? ሞግዚት?» አለ ከወንበሩ ተነሥቶ።

«በሕጉ መሠረት» አሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል።

«በየትኛው ሕግ ነው ወንድ ልጅ ሞግዚት የሚሆነው? አልሆንም! ሞቼ እገኛለሁ!»

«ይቀጥላል እኮ፣ ይስሙ እንጂ...»

«አውቃለሁ!»

ሽማግሌው በሕይወታቸው ንባብ ተቋርጦባቸው አያውቅም ነበርና ፊታቸው ቀላ። «እንግዲያው አባትየው ሞግዚትነቱን እምቢ ካሉ፣ የዛሬ ሳምንት ተገናኝተን የእናቲቱን ወንድም አቶ ደረሰን እንተካለን» አሉና ወረቀታቸውን አጠፉ። ገና ያላነበቡት ብዙ ነበር።

ደረሰ ይህን ሲሰማ አልተከፋም። እህቱንና ልጅቱን ዲላ ወስዶ እሱ ቤት ሊያስቀምጣቸው ካሰበ ቆይቷል፤ እንቅፋቱ ኩማ ብቻ ነበር። ኩማ ግን በልቡ «እሱ ይዘላት እንግዲህ!» እያለ እየሳቀ ወጣ። ልጁን በገዛ አፉ ለዲላ አውቶቡስ እየሰጣት መሆኑን አላወቀም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ሙህዲን ተከትሎት ሮጠ። «ኩማ፣ ስማኝ እስቲ፣ እኛ ያልነው እኮ...»

«ያላችሁትን አውቃለሁ!»

«እሺ፣ ካወቅክ ደግ» አለ ሙህዲን፤ እሱም ሱቁን ክፍት ትቶ ነበር የመጣው።

በማግስቱ ማለዳ ኩማ ሱቁን ሲከፍት አባይነሽ ታቢታን ይዛ መጣች። ዓይኗ ያበጠ ነበር። የልጅቱን እጅ እጁ ላይ አስቀመጠችና «ፍርድ ነው፤ ቀኑን ያንተ ናት። ማታ መጥቼ እወስዳታለሁ» ብላ፣ እንባዋን እንዳያይባት በፍጥነት ሄደች።

እሷ ደግሞ በበኩሏ የራሷን አማርኛ ሰምታ ነበር። አሳዳሪ ማለት የመሸበትን የሚያሳድር ሰው ነው፤ እንግዳ ያሳድራል፣ መንገደኛ ያሳድራል። እኔ አሳዳሪ ከተባልኩ ልጄን ማሳደር ብቻ ነው የተፈረደልኝ፣ ቀኑ የሞግዚቱ ነው ብላ ነበር ያደረችው። ወንድሟና አጎቷ የዲላው አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ያንኑ ቀን ሄደዋል። ጋሽ ወልደአማኑኤልን ደግሞ እንኳን የቃል ትርጉም፣ ሰዓት ለመጠየቅም የሚደፍር የለም። ስለዚህ ፍርዱን አክብራ፣ ልቧ እየደማ፣ ልጇን ልትሰጥ መጣች።

ኩማ ይህን ምን ያውቃል? «አየህ» አለ ለራሱ። «እመቤቲቱ ልጇን ለሞግዚቷ አስረክባ ሥራ ሄደች።» ቢናደድም ልጅቱን አልመለሳትም።

አዲስ ከተማ እንደዚያ ሳምንት ያለ ትያትር አይቶ አያውቅም። ኩማ ጠዋት ጠዋት ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ሞግዚት እንደማይሆን ይምላል፤ እየማለም የታቢታን አፍንጫ ይጠርጋል። ፀጉሯ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀለበት ቀለበት አድርጎ ይቆርጥና ሁለት ቦታ ያስርላታል፤ ማታ አባይነሽ ያን ጎማ ለመፍታት ስትታገል ልጅቱ ጎረቤት እስኪሰማ ትጮኻለች። ምሳ የተጠበሰ ዓሣ ያመጣል፤ እሾሁን በዚያ ግራሶ በማይለቀው ጣቱ አንድ በአንድ ይለቅምና ሥጋውን ብቻ ያጎርሳታል። ለእሱ የዓሣው ራስና ጅራት ይተርፈዋል።

በሦስተኛው ቀን ታቢታ እኩለ ቀን ላይ እንቅልፏ መጣና አልተኛም ብላ አለቀሰች። የአንድ አስተማሪ ጎማ ደግሞ ውሃ ውስጥ ተነክሮ አረፋ እየደፈቀ ነው። ኩማ ግራና ቀኝ አየ። ከዚያም ጋቢውን አወረደና ልጅቱን ጀርባው ላይ አዝሎ፣ ደረቱ ላይ ቋጠረው። ጎማውን እየለጠፈ እሹሩሩ ማለት ጀመረ። ዜማው ከጸሎት ቤት መዝሙር የተወሰደ ነበር።

ማዶ ሱቁ ደጃፍ የቆመው ሙህዲን አላስቻለውም። «ሞግዚቱ! እንዴት ዋልክ?»

«ሞግዚት አልሆንም ብያለሁ!» ብሎ ኩማ ካቻቪቴ አነሣ፤ ልጅቱ እንዳትነቃበት ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተቆጣው። ሙህዲን እየሳቀ ወደ ሱቁ ገባ።

ኩማ ያን ሳምንት ደስተኛ ነበር። ይህን ለራሱም ቢሆን አላመነም። ልጅቱን ብረቱ ላይ አስቀምጦ ወደ ቀበሌ የሄደውም አቤቱታ ለማቅረብ ነው እያለ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በኃይሉ ኩማን ይወደዋል፤ በስብሰባ ላይ የማያንቀላፋ ሰው እሱ ብቻ ነውና። «ጓድ ሊቀመንበር» አለ ኩማ፣ «በዚህ በአብዮት ዘመን አንዱ አሳዳሪ፣ ሌላው ሞግዚት ይሁን ተብሎ ይፈረዳል?»

ጓድ በኃይሉ ከወንበሩ ብድግ አለ። «አሳዳሪ? ይህ የመሳፍንት ቃል ነው! አሳዳሪ የሚባል ከነሥርዓቱ ተገርስሷል!»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።»

«አብሬህ መጥቼ አጋልጣለሁ» አለ ሊቀመንበሩ። ሁለት አዋቂ ሲገናኝ እንዲህ ነው። ታቢታ በዚህ መሃል የቀበሌውን ማኅተም ይዛ መዳፏን ሰማያዊ አድርጋው ነበር።

ቀኑ ደረሰና ሁሉም ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ደረሰ አዲስ ኮት ለብሶ መጥቷል። አባይነሽ ከአክስቷ ጎን አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ታቢታ አባቷ ጉልበት ላይ ናት። ጓድ በኃይሉ ጉሮሮውን ጠረገና ተነሣ።

«የተከበራችሁ ዳኞች! ሰፊው ሕዝብ አሳዳሪና አዳሪ የሚባለውን ልዩነት በትግሉ ቀብሮታል! ታዲያ ዛሬ ጭቁኑ ሳይክል ሠሪ ጓድ ኩማ በገዛ ሚስቱ እጅ ሞግዚት ሆኖ...»

ጋሽ ወልደአማኑኤል እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቃል ነው» አሉት።

ጓድ በኃይሉ ትንሽ አሰበ። «ምን ማለት ነው?» አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ የደፈረ ሰው እሱ ብቻ ሆነ፤ ሊቀመንበርነትም የሚበጅበት ቀን አለ።

ሽማግሌው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው አማርኛ ተናገሩ። ልጅቱ ቀንም ሌሊትም ከእናቷ ጋር ትኖራለች። አባት ስለ ልጅቱ ይቆማል፤ ትምህርት ቤት የሚያስገባት፣ የሚፈርምላት እሱ ነው፤ ያለ ፈቃዱ ማንም ከዚህ ከተማ አያወጣትም። ቅዳሜ ቅዳሜም ይወስዳታል። እምቢ ካለ ግን ይህ ሁሉ ለአቶ ደረሰ ያልፋል።

«ቀኑንም የኔ ናት?» አለች አባይነሽ። የደፋችውን አንገት ቀና አደረገች።

«ቀኑንም።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ አክስቷ እልል ልትል ከጅሏት በሊቀመንበሩ አፍራ ተወችው።

ኩማም ደስ ሊለው ይገባ ነበር። የሰደበው የመሰለው ቃል ማዕረጉ ሆኖ ተገኘ። ልጁን ግን ሊያስወስድ የቀረው አንድ «እምቢ» ብቻ ነበር። «እቀበላለሁ» አለ በፍጥነት። «ሞግዚት ነኝ። ይጻፍልኝ።» ደረሰ የአዲሱን ኮት ቁልፍ ፈታ።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ብዕራቸውን ሲያነሡ ኩማ እንደገና ተናገረ።

«ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ ቅዳሜ ብለዋል። ሰኞስ?»

«ሰኞ ከእናቷ ጋር ናት።»

«ማክሰኞስ?»

«ከእናቷ ጋር።»

«ረቡዕስ?»

«አቶ ኩማ፣ ሳምንቱን ሁሉ ልቁጠርልዎት?»

ኩማ ልጁን አየ። ምሳዋን እሱ እጅ ላይ የበላችበት፣ ጀርባው ላይ የተኛችበት ሳምንት በስሕተት የተገኘ እንደነበር አሁን ገባው። ሕጉ የሰጠው ክብሩን ነው፤ ልጅቱን የሰጠው ስሕተቱ ነበር። ልጅቱን ጉልበቱ ላይ ጠበቅ አድርጎ ያዛትና ተናገረ።

«እርስዎ ያሉት የሕጉ ሞግዚት ለቅዳሜ ይሁንልኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን የሰፈሩን ሞግዚት አድርጉኝ። የሚያዝለውን። የሚያበላውን። አባይነሽ ሥራ ላይ ስትሆን ብቻ፤ ማታ እመልሳታለሁ። እባካችሁ።»

ሳቅ ፈነዳ። ሙህዲን ወገቡን ይዞ ጎነበሰ፤ ጓድ በኃይሉም አብዮቱን ረስቶ ሳቀ። አባይነሽ ብቻ አልሳቀችም። ሰው ፊት «እባካችሁ» ሲል ሰምታው አታውቅም።

«ይህ በሕጉ ውስጥ የለም» አሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ ሳቃቸውን እያፈኑ። «አሳዳሪዋ ከፈቀዱ ግን የሚከለክል ሕግም የለም።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። አባይነሽ ልጅቱን ቀን ቀን የምትጠብቅላትን የአክስቷን ደካማ ዓይን አሰበች፤ ማኅበሩ ልጅ ይዞ መግባት እንደማይፈቅድ አሰበች። ከዚያ ደግሞ ያን ሳምንት ልጅቱ ማታ ማታ ጎማ ጎማ እየሸተተች፣ አፏ ሳያርፍ የአባቷን ወሬ እያወራች እንደምትተኛ አሰበች። ወደ ኩማ የመመለስ ሐሳብ አልነበራትም፤ አሁንም የላትም። ልጅቱን ከአባቷ የመለየት ሐሳብም ግን ኖሯት አያውቅም።

«ጠዋት በጊዜ ትመጣለህ» አለች። «እጅህን ታጥበህ ነው የምትይዛት። ጥፍሯንም ትቆርጥላታለህ።»

«እሺ፣ እሜቴ» አለ ኩማ።

«እሜቴ አትበለኝ!»

«አሳዳሪዬ አይደለሽ እንዴ?»

አባይነሽ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ የቀሚስ ጦስ ወዲህ ኩማ ያን ሳቅ ሰምቶት አያውቅም ነበር። ዳኞቹም የጻፉትን ጻፉ፤ ያልጻፉትም እንደዚያው ተፈጸመ።

ሰኞ ጠዋት ገና ሱቅ ሳይከፈት ኩማ ጣቱ እስኪቀላ በሳሙና ታሽቶ አክስቲቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ታቢታ ሌሊቱን ሲያስላት ስላደረ በፎጣ ተጠቅልላ ወጣች። አባይነሽ ልጅቱን አቀበለችውና ሊሄድ ነው ብላ ጠበቀች። ኩማ አልሄደም።

«ሳሉ ሲነሣባት ምን ላድርግላት?» አላት።

አባይነሽ ልትዘጋ የያዘችውን በር መልሳ ከፈተች። ከዚያ በሩ ላይ ቆማ ነገረችው፤ ማሩን፣ ለብ ያለውን ውሃ፣ ደረቷን የሚያሽበትን ቅባት፣ ሁሉን በየተራ። ኩማ ልጁን አቅፎ እስከ መጨረሻው ሰማት።